ሰምቶ ያልለየው ልጅና ቀልቡ የማይረጋው ልጅ

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ በቀስ ዝቅ ይላል)

በወልዲያ፣ በመርሳ፣ በውርጌሳ፣ በግራና፣ በስሪንቃና በመላው ሀብሩ ያላችሁ እናቶችና አባቶች፣ መምህራን፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ ታናናሾቻችሁን የምታስጠኑ ታላላቆች፣ ሳምንታዊው የልጆችና የትምህርት ዝግጅት ተጀምሯል። ቡና የምታፈሉም ሥራችሁን ሳታቋርጡ ጆሮ ስጡን።

ዛሬ የሚነሱት ሁለት ዓይነት ልጆች ናቸው። ሁለቱም ሲጠሩ ቶሎ አይመልሱም። ሁለቱም የተላኩበትን ትተው ሌላ ነገር ይዘው ይመጣሉ። ክፍል ውስጥ መስኮት መስኮቱን ያያሉ፤ ደብተራቸው ተጀምሮ የቀረ ጽሑፍ ይበዛበታል። ሰፈሩም ለሁለቱ አንድ ዓይነት ስም ያወጣላቸዋል፦ «ፈዛዛ»፣ «ልበ ቢስ»፣ «ጆሮ ዳባ ልበስ የሚል»።

ከውጭ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ። ከውስጥ ግን የሚቸገሩበት ቦታ ለየቅል ነው። የአንዱ ጆሮ ድምፁን ተቀብሏል፤ አንጎሉ ግን የተቀበለውን ለይቶና አቀናብሮ ወደ ትርጉም ማድረስ ይከብደዋል። ሌላው የሰማውን ይለያል፤ ችግሩ ቀልቡን አንድ ነገር ላይ አሳርፎ ማቆየቱ ላይ ነው።

እስኪ አንድ ጥያቄ ያዙልን፤ በዝግጅቱ ውስጥ ደጋግመን እንመለስበታለን። ልጁ የሚቸገረው የትና መቼ ነው? በጆሮ የሚመጣ ነገር ላይ ብቻ ነው ወይስ በሁሉም ነገር?

(አጭር ሙዚቃ)

መጀመሪያ የመስማትን መንገድ እንመልከት። ድምፅ የጆሮን ታምቡር ይመታል። ከታምቡሩ ጀርባ ያሉ ሦስት ጥቃቅን አጥንቶች ንዝረቱን ተቀብለው ለውስጠኛው ጆሮ ያደርሱታል። ከዚያ ነርቭ ይረከብና ወደ አንጎል ይወስደዋል። በዚህ መንገድ ላይ እክል ካለ ልጁ በደንብ አይሰማም። ይህ የመስማት ችግር ነው፤ በመሣሪያ ሲመረመርም ይታያል።

ሥራው ግን እዚህ አያበቃም። አንጎል የደረሰውን ድምፅ ይለያል። ይህ የመምህሩ ድምፅ ነው፣ ያኛው የባጃጁ ነው። ይህ «ተ» ነው፣ ያኛው «ጠ» ነው። ይህ ቀድሞ መጣ፣ ያኛው ተከተለ። ይህ ሁሉ የሚሆነው ከዓይን ቅጽበት ባነሰ ጊዜ ነው፤ አብዛኞቻችንም እየሆነ እንዳለ አናውቀውም።

ይህን መለየትና ማቀናበር የሚከብደው ልጅ ሲኖር ባለሙያዎች የድምፅ ማቀናበር ችግር አለበት ይላሉ። ልጁ ፀጥ ባለ ክፍል ውስጥ በመሣሪያ ቢመረመር «ጆሮው ደህና ነው» ይባላል። እውነትም ጆሮው ደህና ነው። ሬዲዮናችሁ ሁለት ጣቢያ ሲደባለቅበት ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ፤ ድምፁን ከፍ ብታደርጉት ድብልቅልቁም አብሮ ከፍ ይላል እንጂ ንግግሩ አይጠራም። ለዚህ ልጅ መጮህ የማይጠቅመው ለዚህ ነው።

ጉዳዩ አዲስ ግኝት አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1954 ጣሊያናዊው ሐኪም ኤቶሬ ቦካና ባልደረቦቹ የአንጎላቸው የጎን ክፍል ዕጢ ያወጣባቸውን ሰዎች መረመሩ። በተለመደው የመስማት ምርመራ ሰዎቹ የጎላ ጉድለት አልነበረባቸውም። ንግግሩ ሆን ተብሎ ደብዘዝ ተደርጎ ሲሰጣቸው ግን ከዕጢው በተቃራኒ ባለው ጆሮ ቃላቱን መለየት አቃታቸው። በዚያው ዓመት አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ሄልመር ማይክልበስት በልጆች የመስማት ችግሮች ላይ መጽሐፍ አሳተመ። ልጅ «አይሰማም» ሲባል ጆሮውን ብቻ ሳይሆን ከጆሮ በኋላ ያለውንም መንገድ መመርመር እንደሚያስፈልግ ያሳሰበ መጽሐፍ ነው።

(ፋታ)

አሁን ወደ ራሳችን ቋንቋ እንምጣ። አማርኛ ለእንዲህ ዓይነቱ ልጅ በቀላሉ የሚታለፍ ቋንቋ አይደለም። በጣም የሚቀራረቡ ድምፆች አሉት። እስኪ አድምጡ።

(አንባቢው ቃላቱን ጥንድ ጥንድ አድርጎ፣ በመካከላቸው አረፍ እያለ ያንብብ)

ቆዳ። ኮዳ።

ጥል። ትል።

ውሃ ቀዳ። ጓደኛውን ከዳ።

አሁን ደግሞ በፊደል አንድ ዓይነት የሚጻፉ፣ በድምፅ ግን በመጥበቅና በመላላት ብቻ የሚለያዩ።

(የመጀመሪያውን አላልቶ፣ ሁለተኛውን አጥብቆ)

ዋና፣ ወንዝ ውስጥ የሚዋኘው። ዋና፣ የዋና ከተማው።

ገና፣ ያልደረሰው። ገና፣ የበዓሉ።

ልዩነቱ ተሰማችሁ? ለአብዛኛው ልጅ ይህ ችግር አይፈጥርም። በድምፅ ማቀናበር የሚቸገር ልጅ ግን «ቆዳውን አምጣ» ሲባል ኮዳውን ይዞ ቢመጣ እያሾፈ አይደለም። የሰማው እሱን ነው። ቃለ ጽሕፈት ሲጻፍም ደብተሩ ላይ «ጠ» በ«ተ»፣ «ቀ» በ«ከ»፣ «ጨ» በ«ቸ» ቦታ ተደጋግሞ ይገኛል። እዚህ ላይ መምህራን ልብ በሉ። ስሕተቱ በተመሳሳይ ድምፆች ዙሪያ የሚሽከረከር ከሆነ አንድ ነገር እየነገራችሁ ነው። አንድ መስመር የዘለለ፣ ቃል ያልጨረሰ፣ የትናንቱን ከዛሬው የቀላቀለ ደብተር ደግሞ የሚናገረው ሌላ ነው።

አንድ ማሳሰቢያ እዚህ ላይ ያስፈልጋል። በቤቱ አፋርኛ ወይም ኦሮምኛ የሚናገር ልጅ ትምህርት ቤት ገብቶ በአማርኛ ሲማር አንዳንድ ድምፆች ቢያምታቱት ችግር አለበት ማለት አይደለም። ቋንቋውን እየለመደ ነው። ጥያቄው በአፍ መፍቻ ቋንቋውም ይቸገራል ወይ የሚለው ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

ልጁ የት ይቸገራል ብለን ነበር። እንግዲህ የአካባቢያችንን የመማሪያ ክፍል እናስብ። ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌ የሚወስደው አስፋልት መርሳንም ወልዲያንም አቋርጦ ያልፋል። ከባድ መኪናው፣ ባጃጁ፣ ጥሩምባው አለ። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ በሰኔና በመስከረም ዝናብ ሲወርድ መምህሩ ራሱ የሚናገረውን አይሰማም። በክፍሉ 50 እና 60 ልጅ ተቀምጧል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመማሪያ ክፍል የሚመክረው የጀርባ ድምፅ ከ35 ዴሲቤል እንዳይበልጥ ነው። ይህ ለሹክሹክታ የቀረበ ፀጥታ ነው፤ ስንት ክፍል ያገኘዋል?

በዚህ ጫጫታ ውስጥ ሁሉም ልጅ ይቸገራል፤ የድምፅ ማቀናበር ችግር ያለበት ልጅ ግን ከሁሉ ቀድሞ ይሰጥማል። ጠዋት ክፍሉ ፀጥ ባለበት ሰዓት ጎበዝ ነው። ዝናብ ሲጀምር ይጠፋል። አንድ ሰው ፊት ለፊት ሲያናግረው ይገባዋል። ሦስት ሰው በአንድ ጊዜ ሲያወራ ዝም ይላል። ፊቱን ወደ ጥቁር ሰሌዳው አዙሮ የሚናገር መምህር ያመልጠዋል፤ ወደ እሱ ዞሮ የሚናገረውን መምህር ግን ይከተለዋል፤ ከንፈርና ፊት ያግዙታልና።

አንድ ሌላ ቦታም አለ። የእኛ አገር ትምህርት ከጥንት ጀምሮ በጆሮና በአፍ የቆመ ነው። የቄስ ትምህርት ቤት ልጆች ፊደሉንና መዝሙረ ዳዊቱን እየተቀባበሉ ያነበንባሉ። በቁርኣን ቤት ልጆች በአንድነት ይቀራሉ፤ በየጁ ምድር ስሟ የሚነሳው ዳና ደግሞ ለረጅም ዘመን የታወቀች የእስልምና ትምህርት ማዕከል ነበረች። በዘመናዊውም ትምህርት ቤት «ሀ ሁ» የሚባለው በጋራ ነው። ይህ በጋራ ማለት ብዙ ልጆችን አስተምሯል። ሆኖም የተቸገረውን ልጅ ይሸፍናል። ልጁ ከጓደኞቹ ግማሽ እርምጃ ወደኋላ ቀርቶ የእነሱን አፍ እያየ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል፤ መምህሩም እኩል የሚል ይመስለዋል። ሳምንት አንዴ ልጁን ለብቻው ጠርቶ ፀጥ ባለ ጥግ ማስነበብ ብዙ ነገር ያሳያል።

ከፍ ሲል ደግሞ ሌላ ፈተና ይመጣል። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባውን «ፕላዝማ» የምታስታውሱ ብዙ ናችሁ። በሳተላይት የሚመጣ ትምህርት፣ በእንግሊዝኛ፣ በማያውቁት አነጋገር፣ «ቆይ አንዴ» ሊሉት በማይቻል ፍጥነት። በርካታ ተማሪ ተቸግሯል። ድምፅ ማቀናበር የሚከብደው ልጅ ደግሞ እጥፍ ተቸግሯል፤ ያልሰማውን ቃል ከዐረፍተ ነገሩ መንፈስ ገምቶ የሚሞላበት የእንግሊዝኛ ስንቅ አልነበረውምና።

(የሙዚቃ ድልድይ)

አሁን ወደ ሁለተኛው ልጅ እንሂድ። ቀልቡ ወደማይረጋው።

ባለሙያዎች ኤዲኤችዲ ይሉታል፤ የትኩረት ማነስና ከልክ ያለፈ መቅበጥበጥ ችግር ማለት ነው። ይህ ልጅ የሚቸገረው በጆሮ በሚመጣ ነገር ብቻ አይደለም። በዓይን በሚያየው፣ በእጁ በሚሠራው፣ ተራ በሚጠብቅበት ቦታ ሁሉ ይቸገራል። ሥዕል ጀምሮ ይተዋል። ደብተሩን፣ እርሳሱን፣ ጫማውን ይጥላል። ጥያቄው ሳያልቅ ይመልሳል። ተቀመጥ ቢሉት ይቁነጠነጣል። ፀጥ ያለ ክፍል ውስጥ ብቻውን ቢያስቀምጡትም ሐሳቡ ይሄዳል። ፀጥታ ብቻውን አይፈውሰውም፤ ከመጀመሪያው ልጅ የሚለይበት ዋና ምልክት ይህ ነው።

የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2013 ባወጣው መመሪያ መሠረት ይህን ስም ለመስጠት ምልክቶቹ ከ12 ዓመት ዕድሜ በፊት የጀመሩ፣ ቢያንስ ለ6 ወር የዘለቁ፣ ቢያንስ በሁለት ቦታ፣ ለምሳሌ በቤትም በትምህርት ቤትም የሚታዩና ኑሮውን የሚያውኩ መሆን አለባቸው። በአንድ መምህር ክፍል ብቻ የሚቀዠቀዥ ልጅ ኤዲኤችዲ አለበት አይባልም። ምናልባት መጠየቅ ያለበት ክፍሉ ነው።

ሴት ልጆች ላይ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያሻል። ትኩረቷ የሚበተን ልጅ ሁሉ አትሯሯጥም። ብዙዎቹ ጭምት ብለው ተቀምጠው በሐሳብ ይሄዳሉ። ማንንም ስለማይረብሹ ማንም አይጠይቅላቸውም። ውሃ ቀድታ፣ ታናሿን አዝላ፣ ደክሟት ክፍል የገባች ልጅ ስትፈዝ «ዝምተኛ ናት፣ ጨዋ ናት» ተብላ ትታለፋለች።

(ፋታ)

ለምሳሌ ያህል፣ ሁለት ልጆች ከአንድ ቤት በየተራ ወደ ሱቅ ተላኩ እንበል። እናት ወፍጮ ቤቱ አጠገብ ቆማ፣ ወፍጮው እየጮኸ፣ «ዘይት፣ ክብሪትና ጨው ይዘህ ና፤ መጀመሪያ ግን ለአክስትህ ዕቃዋን መልስ» አለች።

የመጀመሪያው ልጅ «እ?» ይላል። ትደግምለታለች። አሁንም «እ?» ይላል። ፊቷን ትኩር ብሎ ያያል። ከአራቱ ነገር «ጨው» የሚለውን ብቻ ይዞ ይሮጣል። ሱቅ ደርሶ ያንኑ በትክክል ይገዛል። ከወፍጮው ራቅ አድርጋ፣ አንድ በአንድ ብትነግረው ኖሮ ሁሉንም ያመጣ ነበር።

ሁለተኛው ልጅ አንዴ ሰምቶ «እሺ እማዬ» ይላል። ድገምልኝ ብትለው ዘይት፣ ክብሪት፣ ጨው፣ የአክስቴ ዕቃ ብሎ ይዘረዝራል። መንገድ ላይ ኳስ ሲያይ ግን ይቆማል። ከአንድ ሰዓት በኋላ የአክስቱን ዕቃ እንደያዘ፣ ዘይት ሳይገዛ፣ ብሩን ጥሎ ይመጣል።

ልዩነቱ ገና ሲላኩ ታየ አይደለም? «የነገርኩህን እስኪ ድገምልኝ» የሚለው ትንሽ ጥያቄ ዋጋው ትልቅ ነው። መድገም ያቃተው አንድ ነው፤ መድገም ችሎ ያላደረሰው ሌላ ነው። እርግጥ አንድ ቀን ብቻ ታይቶ አይፈረድም። ድካምም፣ ርሃብም፣ ኩርፊያም ያስረሳል።

ሌላም መመልከቻ አለ። ነገሩን በጽሑፍ ወይም በሥዕል ስታሳዩት ምን ይሆናል? ድምፅ ማቀናበር የሚከብደው ልጅ ፊቱ ይበራል፤ ሒሳቡ ሰሌዳ ላይ ተጽፎ ሲያየው ይሠራዋል። ትኩረቱ የሚበተነው ልጅ የተጻፈውንም ጀምሮ ይተወዋል። እዚህ ላይ ብዙ ወላጅ የሚሳሳትበት ነገር አለ፦ «የሚወደውን ጨዋታ ሁለት ሰዓት ይጫወታል፤ ታዲያ ምን የትኩረት ችግር አለበት?» ይባላል። ኤዲኤችዲ ያለበት ልጅ በጣም በሚወደው ነገር ላይ ተመስጦ ሊቆይ ይችላል። የሚከብደው ትኩረቱን ወደማይወደው፣ ግን ወደሚያስፈልገው ነገር መምራት ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

ጥያቄያችንን እንድገመው። የትና መቼ ይቸገራል? በድምፅ ብቻ፣ በተለይም በጫጫታ ውስጥ ከሆነ ወደ ድምፅ ማቀናበር ያመለክታል። በሁሉም ቦታና በሁሉም ሥራ ከሆነ ወደ ትኩረት ያመለክታል።

ታማኝነት የሚጠይቀው ነገር ግን አለ፤ ባለሙያዎቹም ራሳቸው በዚህ ጉዳይ ሙሉ በሙሉ አልተስማሙም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1998 አሜሪካውያን ተመራማሪዎች የሕፃናት ሐኪሞችንና የመስማት ባለሙያዎችን ምልክቶቹን እንዲዘረዝሩ ጠይቀው ነበር። ሐኪሞቹ ስለ ትኩረት ችግር፣ የመስማት ባለሙያዎቹም ስለ ድምፅ ማቀናበር ችግር ጎላ ብለው ከጠቀሷቸው 11 ምልክቶች መካከል በሁለቱም ዘንድ የተገኙት ሁለት ብቻ ነበሩ፦ ትኩረት ማጣትና በቀላሉ መዘናጋት። ይህ ሁለቱ ችግሮች የተለያዩ ናቸው ለሚሉት ጉልበት ሰጠ።

በዚያው አቆጣጠር በ2010 ደግሞ ዴቪድ ሙርና ባልደረቦቹ በብሪታንያ ከ6 እስከ 11 ዓመት የሆኑ 1,469 ልጆችን መረመሩ። ወላጆች «ልጄ ማዳመጥ ይቸግረዋል» ያሉት ነገር ረቂቅ የድምፅ ልዩነቶችን ከመስማት አቅም ይልቅ ከትኩረትና ከማሰብ ችሎታ ፈተናዎች ጋር ይበልጥ ተያይዞ ተገኘ። ስለዚህ አንዳንዶች የድምፅ ማቀናበር ችግር የሚባለው ከፊሉ የትኩረት ችግር ነው ይላሉ። ሁለቱ በአንድ ልጅ ላይ አብረው ሊገኙም ይችላሉ። እንግዲህ ሊቃውንት ገና የሚከራከሩበትን ነገር በሰፈር ወሬ መቁረጥ ለልጁ ክፉ ፍርድ ነው። ወላጅና መምህር በጥንቃቄ ያያሉ፣ ይመዘግባሉ፤ ስም የሚሰጠው ባለሙያ ነው።

(የሙዚቃ ድልድይ)

ከሁለቱም በፊት መታየት ያለባቸው ነገሮች አሉ። ከሁሉ የሚቀድመው ጆሮው ራሱ ነው። የልጃችሁ ጆሮ ይመግላል? መግል እየፈሰሰ፣ እየተወ፣ እንደገና የሚመጣ የጆሮ ሕመም በአገራችን ልጆች ላይ በብዛት ይታያል፤ ታምቡር ይበሳል፣ መስማትም ይቀንሳል። በሕፃንነት የተደጋገመ የጆሮ ሕመም ልጁ ድምፅ መለየት የሚማርበትን ጊዜም ሊሻማ ይችላል። ማጅራት ገትር ይዞት የዳነ ልጅም መስማቱ መመርመር አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በልጆች ላይ ከሚደርሰው የመስማት ጉዳት ወደ 60 በመቶ የሚጠጋው ሊከላከሉት የሚቻል ነው።

የሚመግል ጆሮ ውስጥ ዘይት፣ የቅጠል ጭማቂ ወይም ሌላ ነገር ከመጨመር ተቆጠቡ። በክብሪት እንጨት መጎርጎርም ጉዳት ነው። ጠበል የሚወስድም፣ ዱዓ የሚያስደርግም ወላጅ እምነቱን ይዞ ጤና ጣቢያም ይውሰደው፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

ዓይኑስ? ሰሌዳው የማይታየው ልጅም ይፈዛል። እንቅልፉስ? ቁርሱስ? በሀብሩ ቆላ ወባ ደጋግሞ የያዘው፣ ደም ያነሰው ልጅም ይደክማል።

ደግሞም ይህ አካባቢ ያለፈበት ነገር አለ። ወልዲያና መርሳ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ባሉት ወራት ጦርነት ገብቶባቸው ነበር፤ ከዚያ ወዲህም ሰላም ያልጸናባቸው ወራት አልፈዋል። የተኩስ ድምፅ የሰማ፣ ቤተሰቡ የተሰደደበት፣ ሰው ያጣ ልጅ ክፍል ውስጥ ሐሳቡ ይሄዳል፣ በትንሽ ድምፅ ይደነግጣል፣ ሌሊት አይተኛም። ከውጭ ሲያዩት ቀልቡ የተበተነ ልጅ ነው። ከፍርሃቱ በፊት እንዴት ነበር ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ኤዲኤችዲ በአንድ ቀን አይጀምርም፤ «ከዚያ ቀን ወዲህ ተለወጠ» የሚባል ልጅ የሚያስፈልገው ሌላ እንክብካቤ ነው። ከፍንዳታ አጠገብ የነበረ ልጅ ደግሞ ጆሮውም ተጎድቶ ሊሆን ይችላል።

ልጅን ተሳስቶ መረዳት ምን ያህል እንደሚጎዳ በአገራችን ያሳየችን ሴት አለች። ዘሚ የኑስ ልጇ ኦቲዝም እንዳለበት እስኪታወቅ፣ ከታወቀም በኋላ፣ ትምህርት ቤቶች አንቀበልም ብለዋት ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2002 አዲስ አበባ ውስጥ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈተች፤ በ2021 እስካረፈችበት ጊዜ ድረስም ወላጆች ልጆቻቸውን ከቤት እንዳይደብቁ ስትናገር ኖረች። ኦቲዝም ዛሬ ከምንነጋገርባቸው ከሁለቱም የተለየ ነው። ግን እሱም ሲጠሩት የማይዞር ልጅ ሆኖ ይጀምርና «ደንቆሮ ነው» ይባላል።

(ፋታ)

ለምን መለየት አስፈለገ? እርዳታው ስለሚለያይ ነው። ለትኩረት ችግር ሐኪም አይቶ ሊያዝዘው የሚችል መድኃኒት አለ፤ አሜሪካዊው ሐኪም ቻርልስ ብራድሊ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1937 ቤንዜድሪን የተባለውን መድኃኒት የወሰዱ ልጆች በትምህርታቸው እንደተሻሻሉ ከጻፈ ጊዜ ጀምሮ ሲጠና የቆየ ነው። ለድምፅ ማቀናበር ችግር ግን የሚዋጥ መድኃኒት የለም። በስሕተት መድኃኒት ከመውሰድ ይልቅ ቦታውን ከመስኮት ወደ ፊት መለወጥ ሊያድነው የሚችል ልጅ አለ።

ድምፅ ለሚያምታታው ልጅ መምህሩ ከሚናገርበት ቦታ አጠገብ፣ ከበርና ከመንገድ ራቅ ያለ መቀመጫ ስጡት። ስሙን ጠርታችሁ፣ ፊቱን ወደ እናንተ ሲያዞር ጀምሩ። አንድ ትእዛዝ በአንድ ጊዜ። ካልገባው ያንኑ ከመደጋገም በሌላ ቃል ንገሩት። አዲስ ቃል ከማስተማራችሁ በፊት ሰሌዳው ላይ ጻፉት። «ሰማህ ወይ?» ከማለት «ምን አልኩህ?» በሉት፤ «ሰማህ ወይ?» ሲባል ልጅ ሁሉ «አዎ» ይላልና። ይህ ሁሉ ገንዘብ አይጠይቅም።

ቀልቡ ለማይረጋው ልጅ ደግሞ ሥራውን ቆራርሱለት። አሥር ጥያቄ በአንዴ ከምትሰጡት ሦስት ስጡትና ሲጨርስ ተነሥቶ ሰሌዳ ያጥፋ፣ ጠመኔ ያምጣ። ሰውነቱ መንቀሳቀስ ይፈልጋል፤ ፈቅዳችሁ አንቀሳቅሱት። ጥሩ ሲሠራ ወዲያው አመስግኑት፤ ማታ የሚመጣ ምስጋና ሩቅ ነው። በቤት የመኝታ፣ የጥናትና የሥራ ሰዓቱ በየቀኑ አንድ ይሁን።

ዱላስ? በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት የመጠበቅ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ከሕጉም ባሻገር፣ ዱላ «ተ»ን ከ«ጠ» አያስለይም፤ የሚሸሸውንም ቀልብ አይመልስም። ልጁ የሚማረው ነገር ቢኖር መምህሩ ሲቀርብ መፍራትን ነው፤ በፍርሃት ውስጥ ያለ ልጅ ደግሞ ከበፊቱ ያነሰ ይሰማል።

(አጭር ሙዚቃ)

ወዴት ይኬዳል? ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጀምሩ፤ ከዚያ ጤና ጣቢያ። ጆሮው ታይቶ፣ ካስፈለገ ወደ ወልዲያ አጠቃላይ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ይላካል። ከዚያ በላይ የሚፈልግ ከሆነ የሪፈር ወረቀት ይዞ ወደ ደሴ፣ ወይም ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል፤ በጥቁር አንበሳና በቅዱስ ጳውሎስ ከአንገት በላይ ሐኪሞች አሉ፤ የካቲት 12 ሆስፒታል የልጆች አእምሮ ጤና ክሊኒክ አለው። ጥያቄያችሁን ግልጽ አድርጋችሁ ሂዱ፦ «መጀመሪያ መስማቱ ይለካልን።»

የድምፅ ማቀናበር ፈተና ብዙውን ጊዜ ከ7 ዓመት ዕድሜ በፊት አይሰጥም፤ ትንንሽ ልጆች ገና እያደጉ ስለሆነ ውጤቱ ያሳስታል። ፈተናው ልጁ በሚያውቀው ቋንቋ መሰጠቱም ግድ ነው። በእንግሊዝኛ የተቀዳ ቃል ለመርሳ ልጅ ቢሰጥና ቢወድቅ የወደቀው እንግሊዝኛው ነው። በአማርኛ፣ ቆዳና ኮዳን፣ ጥልና ትልን ለይቶ የሚመዝን መሣሪያ ማዘጋጀት የቋንቋ፣ የሥነ ልቦናና የሕክምና ምሁራኖቻችን ሥራ ነው፤ ለወልዲያ ዩኒቨርሲቲና ለወልዲያ መምህራን ትምህርት ኮሌጅም ቅርብ የሆነ ጉዳይ ነው።

(የመዝጊያ ሙዚቃ በሩቁ ይጀምራል)

አንድ የቤት ሥራ አለ። ልጃችሁ የሚያሳስባችሁ ወላጆች አሮጌ ደብተር ፈልጉ። ለሁለት ሳምንት ያህል፣ ልጁ ያልሰማ ወይም ያልጨረሰ በመሰላችሁ ቁጥር ሦስት ነገር ጻፉ፦ የት ነበር፣ በዙሪያው ምን ድምፅ ነበር፣ ድገም ሲባል መድገም ችሎ ነበር ወይ። መጻፍ የማትችሉ ታላቅ ልጃችሁን አስጽፉ። መምህሩም በበኩሉ እንዲጽፍ ለምኑት። ሁለቱን ወረቀት ይዛችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ጆሮው የሚመግል ልጅ ካለ ግን ሁለት ሳምንት አትጠብቁ፤ ነገ ውሰዱት።

በሚቀጥለው ሳምንት በዚሁ ሰዓት የሚመግል ጆሮ በቤት ውስጥ እንዴት እንደሚደርቅና መቼ ሐኪም ዘንድ እንደሚኬድ ይነገራል።

(ሙዚቃው ከፍ ብሎ ያበቃል)